አፍንጫ ስለማያሸተው ነገር፦ ለከተማችን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ከእንጨት ፋብሪካው ግቢና ከዙሪያው የአፈር፣ የውሃና የአመድ ናሙና እንዲወሰድልን ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ላስገባነው አቤቱታ የሰጣችሁንን መልስ አንብበነዋል። በቅድሚያ እናመሰግናለን። መልስ ማግኘት በራሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለሌላ ቢሮ ያመለከትነው የመንገድ መብራት ጉዳይ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የእናንተ ደብዳቤ ግን ማኅተም ተመቶበት በሰዓቱ ደረሰን። ሦስተኛው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ «በቦታው በተደረገው የመስክ ምልከታ ምንም ዓይነት መጥፎ ሽታም ሆነ ጭስ አልታየም።»

ሽታ እንዴት እንደሚታይ አላውቅም። ቀልዱን ልተወውና፣ ችግራችን እዚህ መስመር ላይ ነው ያለው። እኛ የምንጠረጥረው ነገር፣ ፋብሪካው እንጨት ከሚያክምበት ፈሳሽ የሚወጣው አርሴኒክ የሚባል መርዝ፣ አይሸትም። ቀለምም ጣዕምም የለውም። ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ ውሃው ኩልል ብሎ እንደወትሮው ይቀዳል። ሁለት ባለሙያዎች ግቢውን ዞረው፣ ቢሮ ገብተው ቡና ጠጥተው ቢወጡ ሊያገኙት አይችሉም። እኔም አላገኘውም። ማንም በአፍንጫው አያገኘውም።

ደብዳቤውን በአደባባይ የምጽፈው እናንተን ለማሳጣት አይደለም። የሠፈራችን ሰው ምን እየጠየቅን እንደሆነ በትክክል እንዲያውቅ ነው። አንዳንዱ «ፋብሪካው ሊዘጋ ነው» ሲባል ስለሰማ ተኳርፈናል። ስለዚህ እናንተ የምታውቁትን ነገር ሳብራራ ብትሰለቹ ይቅርታ።

እኔ ኬሚስት አይደለሁም። እዚያው ፋብሪካ ከሁለት ዓመት በላይ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። አሁን ከአጥሩ ጀርባ፣ እናቴ ቤት እኖራለሁ። ስለዚህ ሥራውን ከውስጥም ከውጭም አይቼዋለሁ።

ፋብሪካው የባሕር ዛፍ ግንድ ያስመጣል። ግንዱ ይላጣል፣ ይደርቃል። ከዚያ በሐዲድ ላይ በጋሪ ተጭኖ፣ እንደ ባቡር ፉርጎ የረዘመ የብረት ታንክ ውስጥ ይገባል። በሩ ይቆለፋል። መጀመሪያ አየሩ ይመጠጣል፤ እንጨቱ ውስጥ ያለው ሳይቀር። ቀጥሎ ፈሳሹ በኃይለኛ ግፊት ይለቀቅበታል፤ እንጨቱም ይጠጣል። ሲበቃው የተረፈው ፈሳሽ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፣ በሩ ይከፈታል፣ ጋሪው ይሳባል። የምንስበው እኛ ነበርን።

ፈሳሹን «መድኃኒት» ነው የምንለው። «እንጨቱ መድኃኒት ጠጣ?» «ጠጥቷል፣ አውጡት!» እንዲህ ነበር የምንባባለው። በኛ ቋንቋ የምስጥ መርዝም መድኃኒት ነው፣ የአይጡም መድኃኒት ነው፣ የልጅ ሳል የሚያስታግሰውም መድኃኒት ነው። ማንም ያልፈራው በዚህ ይመስለኛል። እጃችን ላይ ሲንጠባጠብ በሱሪያችን ጠርገን ምሳ እንበላለን።

በርሜሉ ላይ የተጻፈው ስም ግን ሲሲኤ ነው። መዳብ፣ ክሮሚየምና አርሴኒክ የተቀላቀሉበት። መዳቡ እንጨት የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ይገድላል። አርሴኒኩ ምስጡን፣ እንዲሁም መዳብ የማይበግረውን ሻጋታ። ክሮሚየሙ ሁለቱን ከእንጨቱ ጋር ያጣብቃቸዋል። የታከመ ምሰሶ አረንጓዴ ቢጤ የሚሆነውም በዚህ ነው።

ጥቅሙን አልክድም። ባሕር ዛፍ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባለውለታችን ነው፤ ምስጥ ግን አይምረውም። ያልታከመ ምሰሶ መሬት ከገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከሥሩ ይበላል። የታከመው አሥርት ዓመታት ይቆማል። የእናቴ የትውልድ መንደር መብራት ያየው በዚሁ አረንጓዴ ቢጤ ምሰሶ ነው። ፋብሪካውም የሠፈሩን ግማሽ ልጅ ያበላል። ይዘጋ ያለ ሰው በመካከላችን የለም።

ጣጣው የሚጀምረው የታንኩ በር ከተከፈተ በኋላ ነው። እንጨቱ ሲወጣ ያንጠባጥባል። ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት። በሥርዓቱ ቢሆን የሚቆምበት ቦታ ያልተሰነጠቀ ኮንክሪት መሆን አለበት፤ ጣሪያ ያለው፣ ጠብታው በቦይ ተሰብስቦ ወደ ታንኩ የሚመለስበት። እኛ ጋ ኮንክሪቱ ጋሪውን የሚያክል ነው። የቀረው ባዶ አፈር ነው። ጣሪያው ደግሞ ሰማይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ይህን ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ነው አንብቤ የተረዳሁት። መድኃኒቱ ከእንጨቱ ጋር እስኪጣበቅ ጊዜ ይፈልጋል። አየሩ ሲሞቅ ቀናት ይበቁታል፤ ሲበርድ ሳምንታት ይፈጃል። እኛ ጋ ብርዱ መቼ ነው? ሐምሌና ነሐሴ። ዝናቡስ? ሐምሌና ነሐሴ! እንጨቱ መድኃኒቱን አጥብቆ በማይዝበት ወቅት ነው ሰማይ የሚያጥበው ማለት ነው። ታጥቦ የወረደው በአጥሩ ሥር ባለው ቦይ አድርጎ ወደ ታች ሠፈር ይመጣል። በዚያ ቦይ ጠርዝ ላይ ልጆች ጭቃ ያቦካሉ፣ በግ ይግጣል።

የፋብሪካው ሰው ይህን ስንነግረው «አፈራችሁ ዋልካ ነው፣ ዋልካ ደግሞ ውሃ አያሳልፍም» አለን። እርጥብ ሲሆን እውነቱን ነው። በጋ ላይ ግን ዋልካ ምን እንደሚሆን ገበሬ ይጠየቅ። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ውሃው ላይ ላዩን አይሄድም፤ በስንጥቁ ቁልቁል ይወርዳል፣ የተሸከመውን ይዞ። የሠፈሩ ጉድጓዶች ደግሞ ጥልቅ አይደሉም።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ፋብሪካው ቅዳሜ ቅዳሜ በጓሮ በር ሰጋቱራና ቁርጥራጭ እንጨት በማዳበሪያ ይሸጣል። ርካሽ ነው። ከሰል የት በደረሰበት ዘመን ሠፈሩ በሙሉ ለወረፋ ከሌሊቱ ጀምሮ ይሰለፋል። ሰጋቱራው በቆርቆሮ ይጠቀጠቅና መሃሉ ተቀዶ ወጥ ይሠራበታል፤ ቁርጥራጩ ምጣድ ሥር ይማገዳል። እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ከመጋዙ ሥር የሚዛቀው ሰጋቱራ መድኃኒት ከመጠጣቱ በፊት የተሰነጠቀ እንጨት ነው፤ ከአርሴኒክ ጋር ጉዳይ የለውም። ችግሩ ምሰሶው ከታከመ በኋላ ጫፉ ሲስተካከል የሚቆረጠው ነው። እሱም አንድ ክምር ላይ ይጣላል። ማንም አይለየውም። እኔ ራሴ በአካፋ ስደባልቀው ኖሬያለሁ።

አርሴኒክ ደግሞ ንጥረ ነገር ነው፤ እሳት አያጠፋውም። ከፊሉ በጭሱ ይወጣል፣ የቀረው አመዱ ውስጥ ይቆያል። አስቡት፤ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ እንጨት የጠጣው መድኃኒት አንድ ጣሳ አመድ ውስጥ ይሰበሰባል። አመዱስ የት ይሄዳል? እናቴ ድስት ትፈትግበት ነበር። የተረፈውን ጓሮ ካለው ጎመንና ጌሾ ሥር ትበትነው ነበር፤ «ተክል አመድ ይወዳል» ብላ። ይህ የእሷ ጥፋት አይደለም። አያቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር። የአያቴ አመድ ግን የወይራ አመድ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አርሴኒክን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡት ነገሮች ዝርዝር፣ በምድብ 1 አስቀምጦታል። የእንጨት ብናኝም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው፤ መድኃኒት የነካው ሆነም አልሆነ። (መጋዝ ላይ ላሉት ጓደኞቼ፦ ጭምብል አድርጉ እባካችሁ።) አሜሪካ ውስጥ አምራቾቹ ከመንግሥት ጋር ተስማምተው፣ ከእ.ኤ.አ. 2003 መጨረሻ ጀምሮ በሲሲኤ የታከመ እንጨት ለአብዛኛው የመኖሪያ ቤት አገልግሎት ማቅረብ አቁመዋል። ለመብራት ምሰሶ አሁንም ይፈቀዳል። ምድጃ ውስጥ እንዳይቃጠል ግን አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ። እኛ ጋ በማዳበሪያ ተመዝኖ ለማገዶ ይሸጣል።

እናቴ ታማለች አላልኩም። እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት። ጎረቤት በዚህ ምክንያት ታመመ፣ ልጅ በዚህ ምክንያት ሞተ እያልኩ ላስለቅሳችሁ አልፈልግም። ያንን ለማለት መጀመሪያ መለካት ያስፈልጋል። አቤቱታችን አንድ ብቻ ነው፦ አልተለካም።

ሳይለካ ቢቆይስ? ቴክሳስ ውስጥ፣ ሂውስተን ከተማ፣ ፊፍዝ ዋርድ የሚባል ሠፈር አለ። እዚያ የባቡር ሐዲድ እንጨት በክሪዮሶት የሚታከምበት ፋብሪካ ነበር። ክሪዮሶት ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣ ጥቁር ዘይት ነው፤ ከኛው መድኃኒት ሌላ ነው፣ ግን ሙያው አንድ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1911 እስከ 1984 ሠርቶ ተዘጋ። ዘይቱ ግን አልተዘጋም። ከውሃ ስለሚከብድ ወደ ታች ሰምጦ፣ ከመሬት በታች ወደ ሰዎች ቤት ሥር ሄደ። የክፍለ ግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት በዚያ ሠፈር አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ከሚጠበቀው በላይ መብዛታቸውን ያሳወቀው በእ.ኤ.አ. 2019 ነው። በ2021 ደግሞ የልጆች የደም ካንሰር ተጨመረ። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ራሱ የወጣው ፋብሪካው ከተዘጋ 35 ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው። ካንሰሩን ያመጣው ፋብሪካው ነው፣ አይደለም የሚለው ክርክር እዚያ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ነው። ከመጀመሪያው ተለክቶ ቢሆን ግማሹ ክርክር ባልኖረ ነበር። ሀብታም አገር ስለሆነ ቢያንስ የሚከራከሩበት ወረቀት አላቸው። እኛ ጋ ከ35 ዓመት በኋላ የሚከራከር ሰው እንጂ ወረቀት አይገኝም።

ስለዚህ ምን ዓይነት ልኬት ነው የምንፈልገው? እንደ ሠራተኛ ልንገራችሁ፤ እናንተ እንደ ባለሙያ ታስተካክሉታላችሁ።

መጀመሪያ ወሬ ጠይቁ። ይህ ቀልድ አይደለም። የትም አገር የብክለት ግምገማ የሚጀምረው ቦታው ላይ ድሮ ምን እንደነበር በመጠየቅ ነው። የጓሮ በሩን የሚጠብቁት ጋሼ ፋብሪካው ሲተከል ጀምሮ ነበሩ። የድሮው ታንክ አሁን ባለበት አልነበረም። መኪና የሚቆምበት ጥግ ላይ ነበር፤ ያኔ ደግሞ ጭራሽ ኮንክሪት አልነበረም። አንድ ክረምት ቧንቧው ፈንድቶ ግቢው አረንጓዴ ኩሬ ሆኖ እንደነበር ይናገራሉ። እሳቸውን ሳትጠይቁ ናሙና ብትወስዱ ንጹሑን ቦታ ቆፍራችሁ ትመለሳላችሁ።

ከዚያ አፈር። ላይ ላዩን ብቻ በማንኪያ ዛቅ ተደርጎ ሳይሆን በየጥልቀቱ፤ ላይኛው ስንዝር፣ ግማሽ ሜትር፣ አንድ ሜትር፣ ከዚያም በታች። ላይኛው አፈር በየዓመቱ በአዲስ ገረጋንቲ ይሸፈናል፤ እኔ ራሴ አልብሼዋለሁ። ከገረጋንቲው ላይ ናሙና ወስዶ «ንጹሕ ነው» ማለት የገረጋንቲውን ንጽሕና መመስከር ነው።

ሦስተኛው ነገር ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ከፋብሪካው በላይ፣ ጎርፉ ከማይደርስበት ቦታም አፈርና ውሃ ይወሰድ። ለምን? እኛ ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በዚህ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ በተፈጥሮው ፍሎራይድ፣ አንዳንድ ቦታም አርሴኒክ እንደሚይዝ በጥናት የታወቀ ነው። ነገ አርሴኒክ ቢገኝ ፋብሪካው «ከእግዜር ነው» ይላል። ማን ይመልስለታል? ከላይ የተወሰደው ናሙና ይመልስለታል። ከተፈጥሮ ከሆነ ላይኛው ጉድጓድ ውስጥም ይኖራል። ታችኛው ላይ ብቻ ከሆነ፣ ያውም መዳብና ክሮሚየም አጅበውት ከመጣ፣ ሦስቱ አብረው ከየት እንደመጡ ለመናገር ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በተቃራኒው ደግሞ ፋብሪካው ንጹሕ ከሆነ ይኸው ናሙና ነው ነጻ የሚያወጣው። ሥራ አስኪያጁ ይህን ቢያስብበት ከኛ ቀድሞ ልኬቱን የሚጠይቀው እሱ ነበር።

የጉድጓዶቹ ውሃ ሁለት ጊዜ ይለካ፤ አንዴ በጋ፣ አንዴ ክረምት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የአርሴኒክ ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ለክሮሚየም 50። ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለጎረቤቶቼ ሳስረዳ እንዲህ እላለሁ፦ 1,000 ሊትር በሚይዝ ሮቶ ውስጥ 10 ሚሊግራም። ከአንድ ቁንጥር ጨው በጣም ያነሰ። ይህን ዓይን አያየውም፣ ምላስ አይቀምሰውም። ላቦራቶሪ ግን ይለካዋል፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ጋ መሣሪያው አለ።

ናሙናውን እናንተ ውሰዱት፣ እናንተ አሽጉት፣ ከሠፈሩም አንድ ሰው ይይ። ፋብሪካው በራሱ ጠርሙስ ሞልቶ የሚያመጣላችሁን አንቀበልም። ይህን የምለው ምክንያት አለኝ። ባለፈው ስትመጡ ግቢው ከአንድ ቀን በፊት ታጥቦ፣ ማንጠባጠቢያው ላይ አዲስ ሰጋቱራ ተነስንሶ ነበር። እንደምትመጡ ማን እንደነገራቸው አልጠይቅም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የአካባቢ ተቆጣጣሪ ቀድሞ ሳያሳውቅ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝም ሳያስፈልገው ማንኛውም ግቢ ገብቶ ያለ ክፍያ ናሙና እንዲወስድ ሥልጣን ይሰጠዋል። ይህን ሥልጣን ሕጉ የሰጠው ለእናንተ ነው። ቀጠሮ የሚያዝለት ሐኪም ቤት ነው።

ያው አዋጅ ማንኛውም ሰው «ምን አገባህ» ሳይባል አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ፣ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እኛ አልረካንም። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ቀኑን ግን እየቆጠርን ነው፤ እድራችንም ለጠበቃ መዋጮ ጀምሯል። የበከለ ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ይክፈል የሚለውም እዚያው አዋጅ ውስጥ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ስላለው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ እናንተን ማስተማር አይገባኝም፤ ቢሮአችሁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ።

አንድ ቅሬታ ደግሞ አለኝ። የፋብሪካውን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ ለማየት መጥቼ ነበር። መስኮቱ ላይ የነበሩት ሠራተኛ «የፋብሪካው ምስጢር ነው» አሉኝ። አዋጅ ቁጥር 299 ግን ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰጥበት ነው የሚለው። ምናልባት ተሳስተው ይሆናል። ሰው ይሳሳታል። አሁንም ማየት እፈልጋለሁ።

ውጤቱ ሲመጣ በአማርኛ ተጽፎ ቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን። ቁጥሩ ከነመለኪያው፣ የት ጉድጓድ እንደሆነ፣ በስንት ሜትር ጥልቀት እንደሆነ ይጻፍ። «ተፈቅዶ ከተቀመጠው መጠን አይበልጥም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አትላኩልን። መጠኑ ስንት ነው? የተገኘውስ ስንት ነው? ለሠፈሩ የሚያነብለት የኬሚስትሪ መምህር አለን።

ላቦራቶሪ የማያስፈልገው ሥራም አለ። የታከመ ቁርጥራጭ ለማገዶ እንዳይሸጥ ነገውኑ አዝዙ። ክምሩ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ንጹሕ ሰጋቱራ፣ አንዱ መድኃኒት የነካው። ሰጋቱራውን ጨርሶ እንዳትከለክሉብን ግን አደራ፤ እሱን ካጣን እናቴና ጓደኞቿ ወጡን በምን ይሠራሉ? ለማንጠባጠቢያው ቆርቆሮ ጣሪያ ይሠራ። ለጋሪ ሳቢዎቹ ጓንት ይሰጥ። የቆርቆሮና የጓንት ዋጋ ፋብሪካውን አያከስረውም።

ናሙና ለመውሰድ ስትመጡ እኛ ጋም ግቡ። እናቴ አሁን ቁርጥራጩን ትታ ፍልጥ ነው የምትገዛው፤ የድሮውን አመድ ግን ጓሮ እንዳትደፋው ለምኜ በቢጫ ጀሪካን አስቀምጫለሁ። ክዳኑ በፌስታል ታስሯል፣ ላዩ ላይ ቀኑ ተጽፏል። እኔ ባልኖር እሷ ታሳያችኋለች። ከፋብሪካው ጓሮ በር ሦስተኛው ቤት፣ አረንጓዴ ቆርቆሮ በር። ውሻው አይናከስም፤ ይጮኻል ብቻ።

ከሠላምታ ጋር
የታች ሠፈር ነዋሪና የፋብሪካው የቀድሞ የቀን ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት
ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ
ለታች ሠፈር እድር
ለጓሮ በሩ ጠባቂ ለጋሼ (አንብቤላቸዋለሁ፤ የቧንቧው ነገር እውነት ነው ብለዋል)